«ሮማውያን ያለ ፌሮ ሠርተውት ይኸው ቆሟል» እያላችሁ አታድርቁኝ

ባለፈው አንድ የቤት ባለቤት ሳይት ላይ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ። የሮም ፓንተዮን ነው፣ ያ ትልቅ ጉልላት ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ። ከሥሩ «አንድ ዘንግ ፌሮ የለውም፣ 1900 ዓመት ሆነው» የሚል ጽሑፍ ይሮጣል። ቪዲዮው ሲያልቅ ቀና አሉና «ኢንጂነር፣ እነዚህ ሰዎች ያለ ብረት ሠርተው ይኸው ቆሟል። ለእኔ ጂ ፕላስ ሁለት ይሄ ሁሉ ፌሮ ምን ያደርጋል? እስቲ ትንሽ ቀንስልኝ» አሉኝ።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። የፌሮ ዋጋ ነው ያናገራቸው። ግን ይህችን ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ለቅሶ ቤት እሰማታለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እሰማታለሁ፣ የሆነ ኮንዶሚኒየም ተሰነጠቀ የተባለ ቀንማ ፌስቡክ ሙሉ እሷው ናት። «ሮማውያን ሚስጥሩን ይዘውት ሞቱ» ይባላል። እሺ፣ ዛሬ እንጨርሰው።

ሚስጥር የሚባል ነገር የለም። ቪትሩቪየስ የሚባል ሮማዊ አርክቴክት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን አሠራሩን ጽፎ አስቀምጦታል። ወደብ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ለሚገነባ ነገር አንድ እጅ ኖራ፣ ሁለት እጅ ከኔፕልስ አካባቢ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ይላል። አመዱ እዚያው ካለችው ከፖዞሊ ከተማ ስሙን ወርሶ ፖዞላና ተባለ። አሁን ሲሚንቶ መደብር ግቡና ከረጢቱን አንብቡ። ፒፒሲ ይላል አይደል? መሃል ያለችው ፒ ፖዞላና ናት። የእኛም ፋብሪካዎች ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተው ይጨምሩበታል። ጠፋ የምትሉት ሚስጥር በኩንታል እየተሸጠ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በሮማውያን ኮንክሪት ውስጥ ነጫጭ የኖራ ፍንካቾች ይታያሉ። ድሮ «በደንብ ስላላቦኩት ነው» ይባል ነበር። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ግን ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ውሃ ሲገባበት ያ ኖራ እየሟሟ ስንጥቁን መልሶ እንደሚደፍነው አዩ። ደስ ይላል። ግን ከዚህ ተነስቶ «የእነሱ ከእኛ ይጠነክራል» ማለት ሌላ ነገር ነው። በመጭመቂያ ማሽን ብትፈትኑት እኛ ሲ-25 ብለን የምንሞላው ተራ ኮንክሪት በጥንካሬ ይበልጠዋል።

ታዲያ ለምን ቆየ? ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲስቡት ግን ወዲያው እጁን ይሰጣል። ሮማውያን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ቅስትና ጉልላት ላይ ሙጭጭ አሉ፣ ክብደቱ በአብዛኛው እየተጫነ ወደ መሬት እንዲወርድ። የፓንተዮን ጉልላት ስፋቱ 43 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተሸከመው ግድግዳ ውፍረት ግን ወደ 6 ሜትር ይጠጋል! ከታች ከባድ ድንጋይ ቀላቀሉበት፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቀላል ፑሚስ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ክፍት ተዉት። የምህንድስና ብስለት ማለት ይሄ ነው፣ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

ደግሞ ቪዲዮው የማይነግራችሁ ነገር፣ ፓንተዮንም ተሰንጥቋል። የጉልላቱ የታችኛው ክፍል ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ስንጥቆች አሉት፣ መሐንዲሶች ካወቋቸው ቆይተዋል። የማይወድቀው ወፍራም ስለሆነና ቅርጹ ስለያዘው ነው። በዚያ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ609 ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ 1400 ዓመት ሙሉ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ፣ የሚጠግን ባለቤት ነበረው። የእናንተን ፎቅ ጣሪያ መጨረሻ ያየው ማን ነው?

ለጋሼም ሒሳቡን እዚያው ሠራሁላቸው። ቦታቸው 150 ካሬ፣ 10 በ15 ነው። በግራና በቀኝ የ6 ሜትር ግድግዳ ላቁም ብል 12 ሜትር ይሆናል፣ ጎረቤት ግቢ ገባሁ ማለት ነው። ሳሎኑ የት ይሁን? ደግሞ እሳቸው ጉልላት አልጠየቁም፣ ጠፍጣፋ ሶሌታ ነው የፈለጉት። ሶሌታ በኮለኖች መሃል ሲንጠለጠል ሆዱ ይሳባል። ያንን ስቦ የሚይዘው ፌሮው ነው። ፌሮውን ካወጣችሁ ቤተሰብ ላይ ይወርዳል፣ አለቀ። «አርማታ» የምንለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ «የታጠቀ» ማለት ነው። ፌሮም የጣሊያንኛው ብረት ነው፣ ከላቲኑ ፌሩም የመጣ። የሮማውያንን ውርስ ሳይት ላይ ለሚፈልግ ሰው ቀን ሠራተኛው ሁሉ አፉ ውስጥ አለለት።

ሌላው የተረሳ ነገር፣ የወደቀ ሕንፃ ቪዲዮ የለውም። የምታዩት የተረፈውን ብቻ ነው። ሮም ውስጥ ተራው ሕዝብ የሚከራያቸው ፎቆች በየጊዜው ይደረመሱና ይቃጠሉ ነበር፣ አውግስጦስ ቄሣር ከፍታቸው ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ20 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ እስከ መገደብ ደርሷል። ያ ታላቁ ተናጋሪ ሲሴሮ ሳይቀር የሚያከራያቸው ሱቆች ነበሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሁለቱ ሱቆች እንደወደቁ፣ የቀሩትም እንደተሰነጠቁና ተከራይ ብቻ ሳይሆን አይጦቹም ጭምር ለቀው እንደሄዱ ይነግረዋል። ይኸው የሮማ ኮንዶሚኒየም!

የእኛ ለምን ይሰነጠቃል ካላችሁ መልሱ ሮም አይደለም ያለው፣ ባልዲው ውስጥ ነው። አንድ ሳይት ላይ ተቆጣጣሪ ሆኜ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ፎርማኑ ሚክሰሩ ውስጥ ውሃ ይቸልሳል። «ምነው?» ስለው «እንዲፈስልን ነው፣ ልጆቹ ደከሙ» አለኝ። ያ ትርፍ ውሃ ሲተን በቦታው ቀዳዳ ይተዋል፣ በቀዳዳው እርጥበትና አየር ገብቶ ፌሮውን ያገኘዋል። ብረት ሲዝግ ያብጣል። አብጦ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ኮለን ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅና ቡናማ እድፍ ካያችሁ ይሄው ነው። እና እባካችሁ፣ ቤት የምታሠሩ ሰዎች፣ ቪዲዮ ከምትልኩልኝ እነዚህን ያዙ፦ ውሃ በዓይን ግምት አይጨመርም። ፌሮው ካዛፎርማውን፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ ማውጫ፣ ነክቶ አይሞላም፣ ሶሌታ ላይ እንኳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ኮንክሪት ይሸፍነው፣ መሬት ውስጥ ሲሆን ከዚያም በላይ። ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀውን ቫይብሬተር ተከራዩ፣ በዱላ መውጋት አይተካውም። ከተሞላና ከደረቀ በኋላ ግን ከላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፣ በፒፒሲ ከሆነ ደግሞ ጨምሩለት፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። እሑድም ይጠጣ! ኮንክሪት ሰንበት አያውቅም።

ከተነሳ አይቀር ሌሎቹንም ላጣድፋቸው። ቅስትን ሮማውያን አልፈለሰፉትም፣ ሜሶፖታሚያ ውስጥ ከእነሱ ሺህ ዓመታት ቀድሞ ነበር። የውሃ መስመራቸው ያ ፎቶ ላይ የምታዩት ድልድይ ብቻ አይደለም፤ አኳ ማርሲያ የሚባለው ከ91 ኪሎ ሜትሩ 80 ያህሉ ከመሬት በታች ነው። ሐውልቶቻቸውም ነጭ አልነበሩም፣ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፣ ታጥበው ነው። የእርሳስ ቱቦ ሮምን አላጠፋትም፤ እርሳስ እንደሚጎዳ ቪትሩቪየስ ራሱ ጽፎ የሸክላ ቱቦ ይሻላል ብሏል።

የአቴናውን ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን ደግሞ «እርጅና አፈረሰው» የሚል አለ። አላፈረሰውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ ከ2000 ዓመት በላይ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መታው፣ መሃሉ ወጣ። እሱ ላይም ብረት ነበረበት፣ ልብ በሉ። ግሪኮቹ እብነ በረዶቹን በብረት ማያያዣ ያጣብቁና ዙሪያውን እርሳስ ያፈሱበታል፣ እንዳይዝግ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሊጠግነው የመጣው መሐንዲስ ግን ብረቱን ያለ እርሳስ ከተተው። ዛገ፣ አበጠ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየውን ድንጋይ ሰነጠቀው። ኋላ ያ ብረት ሁሉ እየተነቀለ በቲታኒየም ተተካ።

ይህንን ለጋሼ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ ይዤ፣ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ አገጫቸውን እያሻሹ «ቆይ ኢንጂነር፣ ይሄ ቲታኒየም የምትለው መርካቶ ይገኛል?»