ኡባንጊ-ሻሪ ምንድን ነው?

የድሮ የአፍሪካ ካርታ ላይ፣ ከቻድ በታች፣ «ኡባንጊ-ሻሪ» የሚል ስም ታገኛላችሁ። ስሙ ዛሬ የለም። አገሩ ግን አለ። አሁን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የምንለው ነው።

ስሙ የሁለት ወንዞች ነው። ኡባንጊ በደቡብ ድንበር ሆኖ ይወርድና ከኮንጎ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ አትላንቲክ ይገባል። ሻሪ ደግሞ ወደ ሰሜን ሄዶ ቻድ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አገሪቱ በሁለቱ መሃል ያለች ከፍታ ናት። እዚያ የዘነበ ዝናብ በአንዱ ተዳፋት ከወረደ ውቅያኖስ ይደርሳል፣ በሌላው ከወረደ አይደርስም። አገርን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ስም ብዙ አላውቅም።

ስሙን ያወጡት ግን ፈረንሳዮች ናቸው። የዛሬዋን ዋና ከተማ ባንጊን በ1889 (እ.ኤ.አ.) ኡባንጊ ወንዝ ዳር ቆረቆሯት። ከአስር ዓመት በኋላ መሬቱን ቆራርጠው ለግል ኩባንያዎች አደሉት። ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት ጎማ ነበር። የተባለውን ያህል ካልመጣ ወንዱ ይገረፋል፣ ሴቶችና ልጆች መያዣ ሆነው ይታሰራሉ። በኋላም ብዙ ሰው ለኮንጎ የባቡር ሐዲድ ሥራ በግድ ተጋዘ። በ1928 የግባያ ሕዝብ «በቃ» ብሎ ተነሳ። መሪው ካርኑ የሚባል ነቢይ ነበር። ለተከታዮቹ የሚያድላት የዶማ እጀታ የምትመስል ትንሽ ጠማማ ዘንግ ነበረች። አመፁም ኮንጎ-ዋራ ተባለ፤ «የዶማ እጀታ ጦርነት» ማለት ነው። ካርኑ በዚያው ዓመት ተገደለ፣ ትግሉ ግን እስከ 1931 ዘለቀ።

ታዲያ ስሙ እንዴት ተቀየረ? እዚህ ላይ ባርተለሚ ቦጋንዳ ይመጣል። በ1938 የካቶሊክ ቄስ ሆነ፤ ከአገሩ ሰው የመጀመሪያው ነው። በ1946 ተመርጦ ፓሪስ ፓርላማ ገባ። በሳንጎ ቋንቋ «ዞ ኩዌ ዞ» ይል ነበር፤ ሰው ሁሉ ሰው ነው። ሕልሙ ሰፊ ነበር። ጋቦን፣ ኮንጎ፣ ቻድና ኡባንጊ-ሻሪ ተዋህደው አንድ አገር እንዲሆኑ ፈለገ። «የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ» የሚለውን ስም ያሰበውም ለዚያ ለአንዱ ትልቅ አገር ነው። ሦስቱ የየራሳቸውን መንገድ መረጡ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1958 ስሙ ለኡባንጊ-ሻሪ ብቻ ተሰጠ። ለአራት የተሰፋውን ልብስ አንዷ ለበሰችው። ዛሬ ሰው አገሪቱን ከቀጠናው ጋር የሚያምታታውም ለዚህ ነው።

ቦጋንዳ ነፃነቱን አላየም። መጋቢት 29 ቀን 1959 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ነሐሴ 13 ቀን 1960 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ፕሬዚዳንቱ ዴቪድ ዳኮ ነበር። እሱን በመፈንቅለ መንግሥት የገለበጠው ቦካሳ በ1977 ዘውድ ጭኖ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፣ በ1979 ወደቀ። ከዚያ ወዲህም ጦር ብዙ ጊዜ ቤተ መንግሥት ገብቷል። በ2013 ሴሌካ የተባሉት አማፂዎች ባንጊን ያዙ።

አልማዝ፣ ወርቅና እንጨት አላት፤ ገበሬው ካሳቫ ይተክላል። ባህር ግን የላትም። በዝናብ ወራት ዕቃ በኡባንጊ ላይ በጀልባ ከብራዛቪል ይመጣል። በጋ ሲሆን ውሃው ይጎድላል፣ አሸዋው ይወጣል፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች ይቆማሉ። ያኔ የባንጊ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ከካሜሩን ዱዋላ ወደብ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳውን የጭነት መኪና ይጠብቃል።