ቆሻሻ አቃጥሎ ቤት ማሞቅ፦ የአውሮፓ ከተሞች ነገር

የዴንማርኳ ኮፐንሃገን ውስጥ አማገር ባከ የሚባል ቆሻሻ ማቃጠያ አለ፣ ጣሪያው ላይ ሰው በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) ይንሸራተታል፣ ቀልድ አይደለም፣ ፋብሪካው 2017 ስራ ጀመረ ስኪው ደግሞ 2019 ተከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፎቶ የሚነሳው ስኪው ነው እንጂ ዋናው ጉዳይ ከመሬት ስር ያለው ቱቦ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ መኪናው ቆሻሻውን ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገለብጣል፣ ከላይ ክሬኑ ጥፍሩን ዘርግቶ ያፍስና መልሶ ይበትነዋል፣ ለምን ቢባል እርጥቡ ከደረቁ ካልተደባለቀ እሳቱ አንዴ ይንቦገቦጋል አንዴ ደሞ ይዳከማል። በአውሮፓ ህብረት ህግ ጭሱ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ 2 ሰከንድ መቆየት አለበት፣ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ እንዲጠፋ ነው። ከዛ ቦይለር ውስጥ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ መብራት ይወጣል፣ የተረፈው ሙቀት ደግሞ ሙቅ ውሃ ሆኖ በቱቦ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ ቤት ያለውን ራዲያተር አሙቆ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና ሊሞቅ ይመለሳል። መብራት ብቻ ቢመረት ግን አብዛኛው ጉልበት ባክኖ ይቀራል። እኛ ጋ 2018 የተመረቀው የረጲው ጣቢያ የተሰራው ለመብራት ብቻ ነው፣ ምን ይደረግ፣ አዲስ አበባ ብርዱን በጋቢ ነው የምትችለው፣ ሙቀቱን የሚቀበል ቱቦ የለም።

ዴንማርኮች ይሄን የጀመሩት ዛሬ አይደለም፣ ፍሬደሪክስበርግ ላይ 1903 ቆሻሻ አቃጥለው ሆስፒታል ያሞቁ ነበር። ቪየና ያለው ሽፒተላው የሚባል ማቃጠያም መጀመሪያ የታሰበው ለሆስፒታል ነው፣ 1987 እሳት በላው፣ ከዛ ሁንደርትቫሰር የሚባለው አርቲስት ቀለም በቀለም አድርጎ ጭስ ማውጫው ላይ ወርቃማ ኳስ ሰቀለበት፣ ዛሬ ከ60,000 በላይ ቤት ያሞቃል። ለእኔ ከስኪው እሱ ይበልጥብኛል።

ስዊድን ደግሞ 2002 የሚቃጠል ቆሻሻ መሬት ውስጥ መቅበር ከለከለች፣ አሁን ከቤት ቆሻሻዋ የሚቀበረው 1 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ ማቃጠያው ስለበዛ ከኖርዌይና ከእንግሊዝ ጭምር ታስመጣለች፣ ላኪዎቹ ናቸው ከፍለው የሚሰጧት!

ችግሩ ምድጃ አንዴ ከተሰራ ሁሌ አብሉኝ ይላል። ፕላስቲክ ማለት ደግሞ ነዳጅ ነው፣ ሲቃጠል ካርቦኑ ያው አየር ላይ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ዴንማርክ ራሷ 2020 ላይ የማቃጠል አቅሟን በ30 ፐርሰንት ለመቀነስ የወሰነችው፣ የሰው አገር ቆሻሻ እያስመጡ የራስን ካርቦን መጨመር አላዋጣትም።