«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም»፦ ዝምታው የማን ነበር?

ሰሞኑን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ፣ አንዲት እናት ስለ ንስሐ አባታቸው ሲያማርሩ ሰማሁ። «የሆዴን ሁሉ ዘርግፌ ነገርኳቸው፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ለወጉ ፈገግ አልኩ እንጂ ነገሩ ከነከነኝ። ሴትዮዋ ሳያውቁት ተረቱን ወደ ተወለደበት ቤት መልሰው አስገብተውታል፤ ካስገቡት በኋላ ግን ስድብ አደረጉት።

የተለመደውን አፈታት ማንም ያውቀዋል። ሲወራ የከረመ ነገር በድንገት ሲዳፈን፣ የሚመለከተው ሁሉ አፉን ሲይዝ እንዲህ ይባላል። አልጣላውም። የኔ ጥያቄ፣ ለመሆኑ ቄስና መጽሐፍ አንድ ላይ ዝም የሚሉት የት ነው? የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዳይባል፣ ሰዓታቱ አለ፣ ማኅሌቱ አለ፣ ቅዳሴው አለ፤ እዚያ ዝምታ ቦታ አያገኝም። ቄስና መጽሐፍ አብረው ዝም ሲሉ እኔ ያየሁት የነፍስ አባት በሰው ቤት ሲቀመጥ ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ አያቴ ቤት፣ የነፍስ አባታችን የሚመጡበት ቀን ከዋዜማው ያስታውቃል። ደጁ ይጠረጋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ድፎው ይጋገራል። እሳቸው በሜዳው መሀል ጃንጥላና ጭራቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ እኛ ልጆች ሮጠን መስቀል እንሳለማለን። መጽሐፋቸው በቆዳ ማኅደር ሆኖ በትከሻቸው ተንጠልጥሏል። አያቴ በዕድሜ ልጇ የሚሆኑትን ሰው «አባቴ» እያለች ጉልበታቸውን ልትስም ትጎነበሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ቀድመው ክንዷን ይይዛሉ።

መጀመሪያ ጸሎትና ጠበል ነው። ግእዙን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ቤቱ ይረጫል፣ በረቱ ይረጫል፣ ላሞቹ ጆሯቸውን ያራግፋሉ። ቀኑ 12 ከሆነ ድርሳነ ሚካኤል ይጨመራል። ከዚያ «ልጆች፣ ውጡ» ይባላል።

እኛ ወጥተን ከግድግዳው ስንጥቅ ላይ እንለጠፋለን። አባ መጽሐፉን ይዘጋሉ፤ ወደ ማኅደሩ ይመልሱታል፤ ጠፍሩን በእርጋታ ይጠመጥሙና ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። አያቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ዱካ ላይ ቁጭ ብላለች። ከዚያ ወዲያ ምንም አይሰማም። አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ ይጠብቃሉ። አያቴ ቶሎ አትጀምርም። እሳቸውም «እሺ፣ ቀጥይ» አይሏት። አንዳንዴ ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ እኛ ሰልችቶን ወደ ጨዋታችን እንሄዳለን።

አንድ ጊዜ ጎረቤት መጥታ «አባ መጥተዋል እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሣር ሲከምር የነበረው አጎቴ ከክምሩ ላይ ሆኖ «መጥተዋል፤ አሁን ግን ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ብሏል» አላት። ሰው ገብቷል፣ ቆይተሽ ነይ ማለቱ ነው። እሷም ገብቷት አጥር ሥር ቁጭ አለች። እንግዲህ ተረቱ የተወለደው እንዲህ ካለው ደጅ ነው ባይ ነኝ፦ ንባቡ ቆሞ ንስሐው መጀመሩን ለውጭ ሰው የሚያስታውቅ ምልክት። አንድ አጎት ማስረጃ አይሆንም የሚለኝ ካለ መብቱ ነው፤ ለኔ በቅቶኛል።

አያቴ ምን ብላ እንደተናዘዘች ማንም አያውቅም። የንስሐ ምስጢር ያወጣ ካህን ከሥልጣኑ እንደሚሻር የታወቀ ነው። ቀኖናዋን ግን ገምተናል። ጉልበቷ ስለሚታመም ስግደት አልበዛባትም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ግን ላሟ ገብስ በልታባት ወደተኳረፈቻት ጎረቤት ቤት፣ ለሕፃኑ የሚሆን ወተት በየማለዳው ይላክ ጀመር። ተሸካሚዋ እህቴ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ጎረቤቲቱ ጣሳውን በር ላይ ተቀብላ ባዶውን ትመልስ ነበር፤ ኋላ ጎመን እያደረገች ትመልሰው ጀመር። ያን ሁሉ ጊዜ መስቀላቸውን እያሻሹ ያዳመጡ ሰው ናቸው ይህን ያገኙት። አንብበው ቢሄዱ ኖሮ «መቶ ስገጂ» ብለው ይገላገሉ ነበር።

ስለ ተረቱ ምንጭ ሁለተኛ ግምት አለኝ፣ ይቺ እንኳ ትንሽ ትደፍራለች። ስለ ግብፅ በረሃ አባቶች ከሚተረኩት መካከል የአባ ጳምቦ ታሪክ አለ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ወደ አስቄጥስ ገዳም ይመጣሉ፤ ወንድሞች አባ ጳምቦን «ለአባታችን አንዲት የሚጠቅም ቃል ንገራቸው» ይሉታል። እሱ ዝም ይላል፤ በዝምታዬ ካልተጠቀሙ በንግግሬም አይጠቀሙም ይላቸዋል። የእነዚህ አባቶች ወግ ወደ እኛ ገዳማት የገባው ጥንት ነው። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ፊልክስዩስም ስለእነዚሁ አባቶች በሚነሳ ጥያቄና መልስ የተሞላ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በሱሉልታ በኩል ነው የሚያልፈው። ስንት መነኩሴ በዚያ ሜዳ አልፎ፣ ስንት ቤት አድሮ፣ ይህን ወግ ለባላገሩ አውርቷል? ለምን ከዚያ አልመጣም እላለሁ። የሚከራከረኝ ሊቅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ምናልባት ስቀው ትተውኝ ይሆናል።

አሁን የነፍስ አባት ጉዳይ ሌላ ሆኗል። ከመሀል ከተማ ተነስተን ዳር ዳሩን ስንሰፍር እሳቸውን አራት ኪሎና ጉለሌ ትተናቸው መጣን። ስማቸውን የምናስታውሰው ሕፃን በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ፣ ወይም ሰው ሲሞትብንና ለፍትሐቱ «የንስሐ አባቱ ማን ነበሩ?» ስንባል ነው። የቀረውን በስልክ እንጨርሳለን። ታክሲ ውስጥ ሆነን፣ ረዳቱ «አያት! አያት!» እያለ፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምነውን በአምስት ደቂቃ እናራግፍና ወዲያው መልስ እንጠብቃለን። አባ ትንሽ ካሰቡ «ሃሎ? ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?» እንላለን። ቀኖናውም ቶሎ የሚያልቅ ቢሆን ደስ ይለናል። ያልተጠየቀ ምክር የሚያዥጎደጉድ ካህን ስናገኝ ደግሞ «ጎበዝ አባት አሉኝ» ብለን ለጓደኛ እናስተዋውቃለን። በሚቀጥለው ዓመት ስንመለስ ያው እኛው፣ ያው ኃጢአታችን ነን፤ ወቀሳው ግን ወደ እሳቸው ነው።

ለተዳፈነ ጉዳይማ አማርኛ መች አጣ? ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ለጠፋው ኮንትራክተር፣ ቃል ተገብቶ ለቀረው አስፋልት፣ ተሰብስቦ ለተበተነው ኮሚቴ «የውሃ ሽታ ሆነ» የሚል አለ። እሱን በሉ።