ቅቢና ቅዪ፣ ቅቢና ጠይሚ፦ ስለ ድሮ የውበት ማስታወቂያዎች የምንሳሳተው

ነገሩ የአሜሪካ ነው፣ ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር።

«የውበት ማስታወቂያ ጥቁር ሴቶችን ረስቷቸው ነበር»

የነጮቹ መጽሔቶች ላይ፣ አዎ። ሬቭሎን የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ በ1952 «ፋየር ኤንድ አይስ» የተባለውን ቀይ ሊፕስቲክ ሲያወጣ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘችው ነጯ ሞዴል ዶሪያን ሊ ነበረች። በ1945 የተመሠረተው «ኢቦኒ» የተባለው የጥቁሮች መጽሔት ላይ ግን ሌላ ነው። እዚያ «ናዲኖላ» የሚባል ፊት የሚያቀላ ክሬም በተደጋጋሚ ይተዋወቅ ነበር። መልእክቱ አጭር ነው፦ ስትቀዪ ትወደጃለሽ። እኛ ሰፈር «ቀይ ናት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ብዙም አይገርምም።

«ጥፋቱ የነጮች ብቻ ነው»

የኢቦኒ ባለቤት ጆን ጆንሰን ራሱ ጥቁር ነበር። መጽሔቱ ስለ ጥቁሮች ስኬት ያወራል፤ ገጹን ገለጥ ስታደርጉት ደግሞ የሚያቀላ ክሬም ይሸጣል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለጥቁር መጽሔት ማስታወቂያ መስጠት ያንገራግሩ ስለነበር የመጣውን መቀበል ግድ ይል ነበር። ብረዳውም አይዋጥልኝም።

«ሁሉም ሴት እንድትነጣ ነበር የሚፈለገው»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። በዚያው ዘመን ኮፐርቶን የተባለው የፀሐይ ቅባት ነጮቹን ፀሐይ ላይ ተሰጥታችሁ ጠይሙ እያለ ይወተውት ነበር፤ «ነጣታም አትሁኑ» ዓይነት መፈክርም ነበረው። ግን ልብ በሉ፦ ነጯ ብትጠይም ነጭነቷን የሚነካባት የለም። ነጭና ጥቁር ተለይቶ በሚቀመጥበት በአሜሪካ ደቡብ፣ አውቶቡስ ላይ የምትቀመጥበት ወንበርም አይቀየርባትም።

«ክሬሙ ቢያንስ አይጎዳም ነበር»

ከእነዚህ ክሬሞች በርካቶቹ ሜርኩሪ ነበረባቸው። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከሚያቀሉ ክሬሞች ያገደው በ1973 ነው።

«ጥቁር ሴቶች ዝም ብለው ተቀበሉት»

በ1968 ጥቁሯ ሞዴል ናኦሚ ሲምስ «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የተባለው የሴቶች መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። የጆንሰን ሚስት ዩኒስ ደግሞ ከከተማ ከተማ የሚዞር የፋሽን ትርኢት ትመራ ነበር። ሞዴሎቿ ለመልካቸው የሚሆን ፋውንዴሽን (ፊት ላይ የሚቀባ ሜካፕ) ስለማያገኙ ሁለት ሦስቱን ራሳቸው እየቀላቀሉ ይቀቡ ነበር። እሷም ይህን አይታ፣ ሜርኩሪ በታገደበት በዚያው በ1973፣ «ፋሽን ፌር» የተባለ ለጥቁር ሴቶች የተሠራ ሜካፕ ይዛ መጣች። ናዲኖላን ሲያስተዋውቅ የኖረው ቤትም ይኸው ነበር።