«የዐቃቤ ሕግ ስሕተት» ምንድን ነው?

የሳሊ ክላርክ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ ተንታኝ ብቅ ይልና «ሐኪሙ ማባዛት የማይገባውን አባዙ፤ የዐቃቤ ሕግ ስሕተት የሚባለው ይኸው ነው» ብሎ ያልፋል። አይደለም። ማባዛቱ ሌላ ስሕተት ነው። ይህን ስም የያዘው ከዚያ የከፋ ነው፤ ብዜቱ ልክ ቢሆን ኖሮም አይጠፋም ነበር።

ክላርክ እንግሊዛዊት የሕግ ባለሙያ ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ፣ አንዱ በ1996 መጨረሻ፣ ሌላው በ1998 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) በጨቅላነታቸው ሞቱ፤ ገድላቸዋለች ተብላ በ1999 ተፈረደባት። የሕፃናት ሐኪሙ ሮይ ሜዶው ለጁሪው (ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) የሰጡት ስሌት ይህ ነው፦ ሲጋራ በማይጨስበት፣ ደመወዝተኛ ባለበት፣ እናቲቱም ከ26 ዓመት በላይ በሆነችበት ቤት አንድ ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው። 8,543 በራሱ ሲባዛ 73 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል፤ ሁለቱም እንዲህ የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ማለት ነው።

ማባዛት የሚቻለው የአንዱ ሞት ስለ ሌላው ምንም የማይነግረን ከሆነ ብቻ ነው። ወንድማማቾች ግን ዘርም ቤትም ይጋራሉ። ደግሞስ አደጋውን የሚቀንሱት ሦስቱ ነገሮች ተቆጥረው የሚጨምረው ለምን ተዘለለ? ሁለቱም ወንዶች ነበሩ፤ ድንገተኛው ሞት በወንዶች ላይ ይበዛል። (8,543 ራሱ ከናሙና የተገኘ ግምት መሆኑንም ሳልናገር አላልፍም።)

አሁን ቁጥሩ ልክ ነው እንበል። የሚናገረው እናቲቱ ንጹሕ ብትሆን ሁለቱ ልጆች በዚህ ሁኔታ የመሞታቸውን ዕድል ነው። ሰሚው የሚወስደው ግን ሁለቱ ከሞቱ በኋላ እናቲቱ ንጹሕ የመሆኗን ዕድል ነው። ጥያቄው ተገለበጠ። ስሕተቱ ይህ መገልበጥ ነው፤ ጁሪ በሌለበት ችሎት የተቀመጠ ዳኛም ከዚህ አያመልጥም።

የእንቁጣጣሽ ሎተሪን እናስብ። አንደኛው ዕጣ የወጣለት ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ኢምንት ነበር። ታዲያ አጭበርብሯል እንላለን? አንልም፤ ማጭበርበሩም ብርቅ ነውና። በዓመቱ ለወንድሙ ቢወጣስ? ያኔ መጠርጠር ይገባል። ሆኖም በማኅበር ይቆርጡ እንደሆነ፣ ስንት ቲኬት እንደያዙ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሎተሪ ማጭበርበር ለስንት ሰው እንደተሳካ ሳይጠየቅ አይፈረድም። እናት ሁለት ሕፃናቷን አከታትላ መግደሏም እጅግ ብርቅ ነው። ጁሪው የሰማው ግን የድንገተኛውን ሞት ብርቅነት ብቻ ነበር።

ታዲያ ሐኪም ምን ይበል? ግኝቱ፣ ስብራትም ይሁን የዓይን ውስጥ መድማት፣ ጥቃት ሲኖር ምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ፣ ሳይኖርም ምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ ሁለቱንም ያቅርብ። ለስሌት ያህል፣ ጥቃት ከደረሰባቸው 100 ሕፃናት በ50ዎቹ፣ ካልደረሰባቸው 100 ደግሞ በ1ዱ ይታያል እንበል፤ ጥምርታው 50 ነው። ይህ «98 በመቶ ጥቃት ነው» ማለት አይደለም። ከተመረመሩት 1,000 ሕፃናት ጥቃት የደረሰባቸው 10 ብቻ ከሆኑ፣ ግኝቱ ከእነሱ በ5ቱ፣ ከቀሩት 990 ደግሞ በ10 ገደማ ላይ ይታያል። ግኝቱ ከታየባቸው 15 ሕፃናት ጥቃት የደረሰባቸው 5 ናቸው ማለት ነው። ከ1,000ው ጥቃት የደረሰባቸው 10 ናቸው ወይስ 500 የሚለውን የሚወስነው ሌላው ማስረጃ ነው እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ጥምርታውም ቢሆን የሚታመነው በጥናቱ ውስጥ «ጥቃት ደርሶበታል» የተባለው ሕፃን በዚያው ግኝት ምክንያት ካልተመደበ ነው፤ በዚያው ከተመደበ ቁጥሩ ራሱን በራሱ ያሳብጣል።

ተንታኙ «በስታቲስቲክስ ነፃ ወጣች» ማለቱንም ቢያርም መልካም ነው። በ2000 የይግባኝ ችሎቱ የቁጥሩን ጉድለት እያየ ፍርዱን አጽንቷል። በ2003 የሻረው በዋናነት የሁለተኛው ልጅ የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት በአስከሬን መርማሪው እጅ እያለ ለተከላካይ ሳይገለጽ በመቅረቱ ነው። ቁጥሩ ለብቻው ቢታይም ይግባኙ ሊሳካ ይችል እንደነበር ችሎቱ በዚያው ፍርድ አስፍሯል።