አቫስቲንና የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር፣ ጎንደር ላሉ ታማሚዎችና አስታማሚዎች

አቫስቲን የሚባለው መድሃኒት፣ ዋናው ስሙ ቤቫሲዙማብ ነው፣ እንደ ኬሞ ካንሰሩን ቀጥታ አይገድልም፣ ቀለቡን ነው የሚያቋርጥበት። እጢ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር በላይ ለማደግ አዲስ ደም ስር ወደራሱ መሳብ አለበት፣ ይሄን ሃሳብ በፈረንጆቹ 1971 ያነሳው ጁዳ ፎልክማን የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሀኪም ነው፣ ያኔ ብዙ ሰው አላመነውም። ደም ስሩን የሚጠራው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ሲሆን መድሃኒቱ እሱን ይዞ ያስቀረዋል።

ኦቫሪ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ይሄው ፕሮቲን ደም ስሮቹን እንዲያፈሱ ያደርጋል፣ ሆድ ውሃ የሚቋጥረውም በከፊል ለዛ ነው። ከደምቢያም ከዳባትም ጎንደር ሆስፒታል የምትመጣ እናት ጨጓራ ነው እየተባለች ከርማ ሆዷ ተነፍቶ ልትደርስ ትችላለች፣ ውሃው በመርፌ ይቀዳላታል፣ ትንሽ ቀለል ይላታል፣ ከዛ ተመልሶ ይሞላል።

መድሃኒቱ የሚሰጠው በየ3 ሳምንቱ በደም ስር እየተንጠባጠበ ነው፣ መጀመሪያ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል ከሚባሉት የኬሞ መድሃኒቶች ጋር፣ ከዛ ብቻውን ለወራት ይቀጥላል። አውሮፓ ለዚህ ካንሰር በፈረንጆቹ 2011 ፈቀደችው፣ አሜሪካ በ2014 ለተመለሰ ካንሰር በ2018 ደግሞ ለመጀመሪያ ህክምና። ያድናል ወይ ለሚለው፣ እውነቱን ለመናገር አያድንም፣ ያዘገያል። በትልቁ የአሜሪካ ጥናት በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበት ጊዜ ከ10.3 ወር ወደ 14.1 ወር ሄደ፣ አጠቃላይ እድሜ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። እንደ ካርቦፕላቲን ያሉት የፕላቲነም መድሃኒቶች እምቢ ባላቸው ካንሰር ደግሞ በሌላ ጥናት ይሄው ጊዜ ከ3.4 ወደ 6.7 ወር ሄደ። ስለዚህ በኔ እይታ ለሱ ተብሎ ከብት ከመሸጥ በፊት ኦፕራሲዮኑና መደበኛው ኬሞ በደንብ መሰራታቸው ይቀድማል፣ አቅም ላለውም ቢሆን ባዮሲሚላር የሚባሉት፣ ከአቫስቲን ጋር ተመሳሳይ ሆነው በሌላ ድርጅት የሚሰሩት ርካሾቹ አሉ፣ ሀኪሙን እነሱን መጠየቅ ነው።

መድሃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳትም አለው፣ የደም ግፊት በጣም ሊጨምር፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን ሊወጣ ይችላል፣ ደም ሊፈስ ወይ ሊረጋ ይችላል፣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ለዛም ከኦፕራሲዮን በፊትም በኋላም ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል። ግፊቱን ፒያሳ ያለ ፋርማሲ ገብቶ ማስለካት ይቻላል። ድንገት ሆድ ሀይለኛ ቁርጠት ከያዘ ግን አንጀት ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ዳማከሴ ጨምቆ መስጠት የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ደግሞ ዘመድ ከአዲስ አበባ የሚልክ ከሆነ፣ መድሃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶም መሆን የለበትም፣ ያን ሁሉ መንገድ በፌስታል አውቶብስ ላይ መምጣት አይችልም፣ በአይስ ቦክስ በፕሌን ይላክና አዘዞ ኤርፖርት ወርዶ የሚቀበል ሰው ይኑር።