የባሕር ዳር መሀል ከተማና የሐይቅ ዳርቻ፦ የተሠሩና ያልተሠሩ የልማት ዕቅዶች

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ይህ ዳሰሳ ለከተማዋ መሀልና ለሐይቁ ዳርቻ ባለፉት 100 ዓመታት ግድም ከታቀዱት ሥራዎች ዋና ዋናዎቹን፣ ማለትም የተፈጸሙትን፣ በከፊል የቆሙትንና ከወረቀት ሳይወጡ የቀሩትን ይመለከታል። ከሌሎቹ ዘመናት ይልቅ 1950ዎቹ ሰፋ ብለው የቀረቡት ዛሬ ከተማዋን ከተማ ያሰኛት አብዛኛው ነገር የተሠራው በእነዚያ ዓመታት ስለሆነ ነው። ከውጭ ሰነዶች የተገኙ ዓመታት እ.ኤ.አ. ተብለው ተለይተዋል፤ የቀሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከከተማዋ የቀደመው ግድብ

ከከተማነቷ በፊት ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሰፈረ የካህናትና የገበሬ መንደር፣ ከውኃው አጠገብ ደግሞ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ በሐይቁ ላይ የሚያድሩ የነገደ ወይጦ ሰዎች መኖሪያ ነበረች። ለአካባቢው የታሰበው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ መንገድም ገበያም ሳይሆን ግድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ጣናና ዓባይ በስም ተጠቅሰዋል፤ እንግሊዞች ከሐይቁ መውጫ ላይ ውኃ አጠራቅመው ለሱዳንና ለግብፅ መስኖ የማዋል ፍላጎታቸውን ከዚያ በኋላ አልደበቁም። እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጣና ደብዳቤ በተለዋወጡ ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን በማግሥቱ ዓመት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ይህ አቤቱታ በአገራችን የዲፕሎማሲ ታሪክ ከሚገባው ያነሰ ቦታ የተሰጠው ነው።

ራስ ተፈሪ በአቤቱታ ብቻ አልቆሙም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ግድቡን ስለ መሥራት ተነጋገሩ፤ የኩባንያው መሐንዲሶችም እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 በሐይቁ መውጫ ላይ ጥናት አካሄዱ። ዕቅዱ ከግድቡ ሌላ ከአዲስ አበባ እስከ ጣና የሚደርስ መንገድንም ይጨምር ነበር። ነገሩ በገንዘብና በውኃ ድርሻ ንግግር ላይ ሳለ የጣሊያን ወረራ ደረሰና ቀረ። በሐይቁ መውጫ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያ የተሠራው ከ60 ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ጫራ ጫራ በተባለው ስፍራ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ መንግሥት፣ ለኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሲባል የተሠራ እንጂ በታሰበው የመስኖ ዓላማ አይደለም።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ገብተው መንደሪቱን የአካባቢው አስተዳደር ማዕከል አደረጓት፤ የጀልባ ማረፊያና የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ አበጁ፤ በሐይቁም ላይ የሞተር ጀልባ አስጀመሩ።

የ1950ዎቹ ባሕር ዳር

ጣሊያን በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሣ አንዱ ክፍል በአዋሽ ላይ ለቆቃ ግድብ ሲውል፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ለጀመረው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዋለ። ለመንደር ይህን ያህል ፋብሪካ መስጠት በጊዜው ለብዙዎች ያለ መጠን መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። ነገር ግን ፋብሪካው ብቻውን አልመጣም፦ ጥጥ መፍተልና መሸመን ኃይል ስለሚፈልግ፣ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ 11 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሎ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ የፋብሪካው መብራት ለከተማዋም ተረፈ። ሠራተኛው ቤት ፈለገ፣ ቤቱ መንገድ ፈለገ፣ መንገዱም ገበያ ፈጠረ። የፋብሪካው ፍሳሽ በዓባይ መነሻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የተመራማሪዎች ርዕስ የሆነው ብዙ ቆይቶ ነው።

በዚያው ሰሞን የሶቪየት ኅብረት በስጦታ ያሠራችው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ። የእርሻ መሣሪያ ቴክኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ከመካከላቸው የመጨረሻው ለምን እንደ ተመረጠ ፋብሪካውን ያየ ሰው አይጠይቅም። የፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የዚህ ዘመን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በዩኔስኮ እገዛ የመምህራን ትምህርት (ፔዳጎጂ) አካዳሚ ተጨመረ። ሁለቱ ተቋማት ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ የቀድሞ ስማቸው ከደብዳቤ ራስጌ ላይ ጠፍቷል፤ በታክሲ ረዳቶች አፍ ግን አልጠፋም። ዛሬም ጥሪው «ፖሊ፣ ፖሊ» እና «ፔዳ፣ ፔዳ» ነው፤ ተሳፋሪውም የሚወርደው በሰፈሩ አስተዳደራዊ ስም ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ከዓባይ ማዶ ለማዶ የተዘረጋው ነባሩ ድልድይም የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ነው። በጠባቡ የእግረኛ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ጉማሬ መፈለግ ለከተማዋ እንግዳ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ በመኪና ላለው ሰው ግን ድልድዩ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጣው ጭነት ሁሉ የሚታነቅበት ጉሮሮ ሆኖ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቷል።

የጀርመኖቹ ዕቅድና የርእሰ ከተማነት ወሬ

እነዚህ ሥራዎች ያለ አንድ አውራ ንድፍ እንዳይበተኑ ተብሎ በ1950ዎቹ በምዕራብ ጀርመን መንግሥት እርዳታ የከተማዋ ማስተር ፕላን ተዘጋጀ፤ ሥራውን የመሩት የዳርምሽታት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መምህር ማክስ ጉተር ናቸው። በጊዜው ከነበረው የሕዝብ ቁጥር እጅግ ለበለጠ ሕዝብ ታስቦ የተነደፈ ሲሆን፣ ከተማዋን በሐይቁና በወንዙ ዳር እየዘረጋ፣ ኢንዱስትሪን ከመኖሪያ እየለየ፣ ጎዳናዎቹን እያሰፋ ይሄድ ነበር። ከዕቅዱ ጸንቶ የቀረው በዋናነት የጎዳና አውታሩ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች መንገድ እያደር ሲሰፋ፣ ቤት እየፈረሰ ጎዳና ሲወጣ ማየት የተለመደ ሲሆን፣ የባሕር ዳር መሀል ግን ከመነሻው በስፋት ተተልሞ፣ በመካከሉ ዘንባባ ተተክሎበት፣ ሜዳማነቱም ተጨምሮበት ለብስክሌት የተመቸ ሆኗል። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪውና የፋብሪካው ወዛደር በብስክሌት የሚመላለሱባት ከተማ የሚለውን ስም ያገኘችው በዚህ ነው፤ ምንም እንኳ ባጃጅ ከገባ ወዲህ ብስክሌቱ ወደ ጎዳናው ጠርዝ እየተገፋ ቢሆንም።

በወረቀት የቀረው ደግሞ የዳርቻው ክፍል ነው። ሐይቁን ለሕዝብ መዝናኛ ክፍት አድርጎ ማቆየት የሚለው ሐሳብ በየዘመኑ ዕቅዶች ውስጥ ተመላልሶ ቢገኝም፣ ከውኃው አጠገብ ያለው መሬት ጥቂት በጥቂት ለሆቴሎች፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለመናፈሻዎች ተሸንሽኖ ታጠረ። ደንገል ከሚያጭዱበትና ታንኳ ከሚያስጠጉበት ዳርቻ ደጋግመው የተነሡት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ናቸው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ የመንግሥታቸውን መቀመጫ ወደ ባሕር ዳር ሊያዛውሩ አስበው ነበር የሚለው ነገር በከተማዋ እንደ ታወቀ እውነት ይነገራል። በቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ዓባይን ቁልቁል እያየ የተሠራው ቤተ መንግሥት፣ የማስተር ፕላኑ ስፋትና በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ የተከማቹት ተቋማት ለአባባሉ ጉልበት ይሰጡታል፤ እውነትም ለአንዲት የአውራጃ ከተማ ይህ ሁሉ ይሠራል ብሎ ማመን ያስቸግራል። በሌላ በኩል ግን ዝውውሩን የሚያዝ አዋጅ አልወጣም፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቶ መቀመጫው አዲስ አበባ መሆኑም ጉዳዩን ዘግቶታል ማለት ይቻላል። ሚዛናዊው አነጋገር፣ ከተማዋ ለሁለተኛ ርእሰ ከተማነት የሚበቃ መሠረት ተጥሎላት ነበር የሚለው ይመስላል።

በደርግ ዘመን ለአካባቢው የተመደበው ትልቁ ገንዘብ የፈሰሰው ከከተማዋ ርቆ፣ በመተከል ለተካሄደው የጣና በለስ የሠፈራ ፕሮጀክት ነበር።

ከክልል ርእሰ ከተማነት ወዲህ

ባሕር ዳር የክልል መቀመጫ ከሆነች በኋላ የቢሮዎች ሕንፃ፣ ባንክና ሆቴል በመሀል ከተማ በዛ። በዓባይ ዳር የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ከነሙዚየሙና ከነአዳራሹ የዚህ ዘመን አሻራ ነው። በኃይል ማመንጫ ረገድ በጢስ ዓባይ 73 ሜጋዋት ያለው ሁለተኛ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጨመር፣ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ አውርዶ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ሁለቱ ሥራዎች ለአገር የሰጡት ብርሃን የማይካድ ነው፤ ለከተማዋ ቱሪዝም ግን ዋጋ አስከፍለዋል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከክረምት ውጭ የቀድሞ ግርማውን አጥቷልና።

በከፊል ከቆሙት ሥራዎች ዋናው ስታዲየሙ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ይህ ሥራ፣ ሜዳውና የኮንክሪት መቀመጫ ደረጃዎቹ ሲደርሱ፣ ጣሪያው፣ ወንበሮቹና የውስጥ ክፍሎቹ ሳይጠናቀቁ አገልግሎት ጀመረ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ የነበረው የተመልካች ብዛትና ድምቀት በከተማዋ እስካሁን ይወሳል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግን፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ባለቀ ሰሞን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው፤ ብሔራዊ ቡድኑም ቀጣዩን «የሜዳው» ጨዋታ ከጋና ጋር ያደረገው በጆሃንስበርግ ነበር። ለእግዱ የዳረገው የጎደለው ማጠናቀቂያ እንጂ የሜዳው ጥራት ብቻ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ የማሻሻያ ሥራው በየደረጃው ሲካሄድ ቆይቷል።

ከተጠናቀቁት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። ቻይና ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን በተባለው ኩባንያ ተቋራጭነት እ.ኤ.አ. በ2019 ተጀምሮ፣ በጦርነትና በጸጥታ ችግር ጊዜያት ውስጥ አልፎ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት የመኪና መስመር፣ ከዚያ ውጭ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ይዟል። ወጪው ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተገልጿል። ከምሰሶዎቹ በተወጠሩ ገመዶች የተያዘው አሠራር በአገሪቱ ብዙ ያልተለመደ ሲሆን፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ለመታየት የተሠራ መሆኑን አይደብቅም። ይሁንና ዋና ጥቅሙ ከላይ የተባለውን ጉሮሮ መክፈቱ ነው፤ ከባዱ ጭነት በነባሩ ድልድይ ላይ መተማመኑ ቀርቷል።

የዳርቻው ጥያቄና የትራንስፖርት ዕቅዶች

የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ በዳርቻው ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ከሐይቁ ጤንነት ጋር መታየት ግድ ሆኗል፤ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ ደግሞ ጥያቄውን ከምሁራን መድረክ ወደ ሕዝብ ወሬ አውርዶታል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የሚካሄደው የኮሪደር ልማት ያተኮረባቸው ሥራዎች የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ማስፋት፣ የመንገድ መብራትና በሐይቁ ዳር የእግር መሄጃ መክፈት ናቸው። አጥር እየተነሣ ውኃው ከጎዳናው መታየት በጀመረባቸው ቦታዎች፣ በ1950ዎቹ የታሰበው የዳርቻ ሐሳብ በከፊል ተፈጸመ ለማለት ይቻላል፤ ከዳርቻው የሚነሡ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች የካሣና የምትክ ቦታ ጉዳይ ግን ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።

በውኃ ላይ፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለው የጀልባ ጉዞ ለአሥርተ ዓመታት በአሮጌ ጀልባዎች ሲካሄድ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ሐይቁ ደርሳለች። በየብስ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከወጣው ብሔራዊ የባቡር መረብ ውስጥ አንዱ መስመር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ አልፎ ወልድያ እንዲደርስ፣ ከዚያም በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ ድንበር እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ከአዋሽ ወደ ወልድያ የሚሄደው መስመር ሥራ ሲጀመር የባሕር ዳሩ ግን አልተጀመረም፤ የከተማዋና የአካባቢዋ ጭነት ወደ ጅቡቲ የሚደርሰው ዛሬም በመኪና ነው።